ግድግዳውን የሚነቀንቀው የትኛው ኪሎ ነው?

“4,000 ኪሎ ፈንጂ ተተኩሶ ግድግዳው እንዴት አልተናደም?” የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። ሰው የሚያየው ጠቅላላውን ኪሎ ነው። በክፍት ጉድጓድ ማዕድን ማውጫ ግን የጉድጓዱን ግድግዳ የሚነቀንቀውን ንዝረት በዋናነት የሚወስነው በአንድ ቅጽበት የሚፈነዳው መጠን ነው።

እንበልና 40 ቀዳዳ ተቆፍሮ በእያንዳንዱ 100 ኪሎ ተሞላ። ሁሉም እኩል ከፈነዱ ግድግዳው የ4,000 ኪሎውን ምት ይቀምሳል። አንድ በአንድ፣ በሚሊሰከንዶች ልዩነት ከተተኮሱ ግን ስሌት ውስጥ የሚገባው 100ው ነው። ልዩነቱ በተለምዶ ቢያንስ 8 ሚሊሰከንድ ይሁን ይባላል። ይህቺ 8 ግን ልማድ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለችም፤ ራቅ ሲል ሞገዶቹ ሊደራረቡ ይችላሉ።

ርቀት ሲጨምር ንዝረት መቀነሱ እርግጥ ነው። በምን ያህል? እሱ እንደ ዓለቱ ይለያያል፤ ስለዚህ በየቦታው በመሣሪያ ይለካል፣ በሚሊሜትር በሰከንድ።

ደግሞ ሁሉንም በንዝረት ማሳበብ አይገባም። ወደ ጉድጓዱ ያዘነበለ ስንጥቅ ካለ፣ በዚያ ላይ ውሃ ከሞላበት፣ ግድግዳው ቀድሞውንም አንድ ሐሙስ ቀርቶታል። ፍንዳታው ሰበብ ይሆናል እንጂ። ጠርዙ ሥር ያሉት ቀዳዳዎች ግን ዓለቱን ራሱን ይሰነጥቃሉ፤ ለዚህ ነው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ፈንጂ የሚቀነሰው።