የሞተር ዘይት «በዛ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዘይት ተቀየረ፣ መለኪያው ሲወጣ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፏል። ምን ይሻላል? ይህ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ሁለት መልስ ነው የምሰማው። አንደኛው «ተወው፣ ዘይት ቢያንስ እንጂ ቢበዛ ምን ያደርጋል» ይላል። ይሄን ለምጄዋለሁ። ሌላኛው በልበ ሙሉነት «የዘይት ግፊቱ ይጨምርና ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) ያፈነዳዋል» ይላል። የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ እውቀት ስለሚመስል ሰው ይቀበለዋል።

ወንድሜ፣ የዘይት መጠንና የዘይት ግፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግፊቱን የሚፈጥረው ፓምፑ ነው። ከኮፓው፣ ማለትም ሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ገንዳ ይስብና ፒስተኖቹ ወደሚያዞሩት ክራንክ ሻፍት፣ ቫልቮቹን ወደሚከፍተው ካም ሻፍት ይገፋዋል። ከልክ ሲያልፍ የምትከፈት ቫልቭ አለችው፣ ትርፉን ትመልሰዋለች። ኮፓው ውስጥ 4 ሊትር ይኑር 5 ሊትር ፓምፑ የሚያውቀው ነገር የለም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት መብራትም በአብዛኞቹ መኪኖች የምትነግራችሁ ስለ ግፊት እንጂ ስለ መጠን አይደለም። ዘይት ሲበዛ መብራቷ ብልጭ ብልጭ ካለች ደግሞ ግፊቱ ጨምሮ ሳይሆን ወርዶ ነው።

እንዴት ይወርዳል? ክራንክ ሻፍቱ ከዘይቱ በላይ፣ በባዶ ቦታ ነው መዞር ያለበት። በ3000 ዙር ስትነዱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይዞራል። ዘይቱ በጣም ከፍ ካለ ክራንኩ እየመታ ያንጠዋል፣ አየር ይገባበትና አረፋ ይሆናል። ማኪያቶ ስታዙ ባሪስታው ወተቱን በእንፋሎት ሲያፈላው አይታችሁ የለ? ያው ወተት ነው፣ ግን ማንቆርቆሪያውን ሞላው። ብዙ ይመስላል፣ አብዛኛው አየር ነው። አሁን ያን አረፋ በፓምፕ ሳቡትና ሁለት ብረት መሃል አስገቡት። አየር ሲጫኑት ይጨመቃል፣ ብረቱን ከብረት ለይቶ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ዘይት በጣም የበዛበት ሞተር ዘይት እንዳጠረው ሞተር ነው የሚጎዳው። ማኪያቶው ትንሽ ሲቀመጥ አረፋው እንደሚወርድ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆይ ዘይቱም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ለዚህ ነው ወዲያው የወጣ መለኪያ የሚያሳስተው። ዘይት አምራቾች አረፋ የሚያጠፋ ቅመም ይጨምሩበታል፣ እሱም ያግዛል፣ ግን ልክ አለው። በነገራችን ላይ ዘይቱ ቀለሙ ራሱ ማኪያቶ ከመሰለ ጨዋታው ሌላ ነው። የራዲያተር ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ መቀነስ አያድነውም።

ዘይት ሲበዛ ማፍሰስ አይመጣም አላልኩም። ይመጣል። ግን መንገዱ ሌላ ነው። ከፒስተኑ ሾልኮ ወደ ታች የሚወርደው ጋዝ መውጫ አለው፣ መልሶ ወደ አየር ማስገቢያው ይሄዳል። ዘይቱ ሲረጭ አብሮት ይሄድና ሞተሩ ውስጥ ይቃጠላል። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ የምታዩት ያኔ ነው። መውጫው በዘይት ከተጨናነቀ ደግሞ ጋዙ በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ በሚያሽገው ላስቲክ) በኩል ሊገፋ ይችላል። የሚቃጠለው ዘይት ውሎ አድሮ የጭስ ማጽጃውን ካታሊቲክም ያበላሸዋል። እሱ ስንት ብር እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ስንት ሲሆን ነው ታዲያ «በዛ» የሚባለው? በብዙ የቤት መኪኖች በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ዘይት አለ። ከላይኛው ምልክት አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ካለፈ ተኙበት። ግማሽ ሊትር ያህል ካለፈ ይቀነስ። አንድ ሊትር ካለፈ ሞተሩን አታስነሱት። በፊት ግን በደንብ ለኩ። ሜዳ ላይ ቁሙ። አዲስ አበባ ውስጥ ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፣ ግን ዳገት ላይ የቆመች መኪና ትዋሻለች። አጥፍታችሁ አምስት አስር ደቂቃ ጠብቁ፣ መለኪያውን ጥረጉት፣ እስከ መጨረሻው መልሳችሁ አስገቡትና አውጡ። ፊልትሮው አዲስ ከሆነ ሞተሩ አንዴ ተነስቶ ካልጠፋ በቀር ልኬቱ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። ፊልትሮው ገና አልጠጣም። በዚህ ብቻ የተደናገጠ ስንት ሰው አለ።

ለመሆኑ ለምን ይበዛል? አብዛኛውን ጊዜ በጀሪካኑ ምክንያት። ዘይት በባለ 4 ሊትር ይሸጣል። ያሪስም ኮሮላም ላይ ያለው 1ኤንዜድ ሞተር ከነፊልትሮው የሚወስደው 3.7 ሊትር ነው። ፊልትሮ ካልተቀየረ 3.4። ባለቤቱ «ከፍዬበታለሁ፣ ጨርሰው» ይላል፣ የጋራዡ ልጅም ይጨርሰዋል። 300 ሚሊ ትርፍ፣ ፊልትሮ ካልተቀየረ 600። አሮጌው በደንብ ሳይንጠባጠብ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ከታሰረ ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል። የተረፈውን ይዛችሁ ግቡ፣ ሞተር ውስጥ ስላልገባ አይበላሽም!

ለመቀነስ እኔ የምመርጠው ከላይ መሳብ ነው። በመለኪያው ቀዳዳ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስገብታችሁ በትልቅ ሲሪንጅ ሳቡት። ትንሽ ለብ ያለ ዘይት ይቀላል። ጉድጓድ ላይ ከሆናችሁ ከታች ብሎኑን አላልቶ ማንጠባጠብም ይቻላል፣ ግን ሞተሩ ትኩስ ከሆነ እጃችሁን ያቃጥላችኋል፣ ብሎኑ ደጋግሞ ከተፈታ ጥርሱ ይበላል፣ ሮንዴላዋም ትቀየር። ሌላው ዘዴ ፊልትሮውን ፈትቶ ባዶውን መመለስ ነው። በ1ኤንዜድ ወደ 300 ሚሊ ይወርዳል፣ ከላይ ያለው ስሌት እንደሚያሳየው። አፉ ወደ ላይ ሆኖ ከተገጠመ ነው ይህ ደንበኛ ዘዴ፤ በሌላው ሲፈታ ይፈስባችኋል።

ናፍጣ ለምትነዱ አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። ናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ ሊያቃጥል ይችላል። ትርፉ ዘይት በአየር ማስገቢያው ከገባለት ቁልፍ ብታጠፉም አይጠፋም፣ ዙሩ ብቻውን እየጨመረ ይሄዳል። ማርሹ ማንዋል ከሆነ ፍሬን ረግጣችሁ በትልቁ ማርሽ (በአራተኛ ወይም በአምስተኛ) ፍሪሲዮን ልቀቁና አንቁት። ደግሞ ዘይት ሳትጨምሩ መለኪያው በየሳምንቱ ከፍ እያለ ከመጣ ያ ዘይት አይደለም፣ ናፍጣ እየገባበት ሊሆን ይችላል። ቀንሶ መንዳት ሳይሆን ምንጩን መፈለግ ነው።

መለኪያው በጣም ካለፈ፣ ሁለት ሦስት ሊትር የሚሆን ትርፍ ካሳየ ደግሞ ከጀሪካኑ በፊት ብሎኑን ጠርጥሩ። ቀያሪው የሞተሩን ብሎን ፈታሁ ብሎ የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ፈትቶት ሊሆን ይችላል፤ በተለይ አውቶማቲክ ላይ ይሄ ስህተት አዲስ አይደለም። ያኔ አሮጌው የሞተር ዘይት አልወጣም፣ አዲሱ ተደርቦበታል፣ ካምቢዮው ደግሞ ዘይት አጥሮታል። እስከ ሌላ ጋራዥ ልንዳት ብትሉ ሁለቱንም ነው የምታጡት። ባለችበት ትቁም፣ የቀየረው ሰው ዘይቱን ይዞ ይምጣ።