በወሎ በሕክምና ስህተት ጨቅላው የተጎዳበትን ቤተሰብ መደገፍ

በወሎ አንድ ሰው ሳያስበው የሰው ሕይወት ቢያጠፋ፣ የገዳዩ ወገን ጥፋቱን አምኖ ወደ ሟች ቤተሰብ ሽማግሌ ይልካል። ደም እስኪደርቅ ድረስ ሽማግሌው ይመላለሳል። በራያ ቆቦ ዘወልድ፣ በሌሎች የወሎ አካባቢዎች ደግሞ አበጋሮች የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች የሚመሩት እርቅ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ የካሳው ነገር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። በጤና ተቋም ውስጥ ጨቅላ ሕፃን በስህተት ሲጎዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። የሚመላለሰው ቤተሰቡ ነው፤ ዝም የሚለው ደግሞ አጥፊው። የቤተሰቡ ድጋፍ መጀመር ያለበት ይህን ቅደም ተከተል ከማስተካከል ነው።

ጨቅላ የሚባለው ከተወለደ 28 ቀን ያልሞላው ሕፃን ነው። በ2011 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ዋነኞቹ ምክንያቶች ያለጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሞት የሐኪም ስህተት አይደለም። ቤተሰቡም ቢሆን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የእኛ ልጅ ከየትኛው ነው?

ስህተቱ እንዴት ይደርሳል

ከወሊድ በኋላ አዋላጇ ሁለት የሚቀቡ መድኃኒቶችን ታነሳለች። አንዱ ለዓይን የሚቀባው ቴትራሳይክሊን ነው፤ ሌላው ለእትብት የሚቀባው ክሎርሄክሲዲን። ሁለቱም በትንሽ ቱቦ ሊመጡ ይችላሉ። በሌሊት፣ መብራት በደከመበት ክፍል፣ ሌላ ምጥ የያዛት እናት ከጎን እየጮኸች ቱቦዎቹ ቢምታቱ የእትብቱ መድኃኒት ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ዓይንንም ያቃጥላል። በአፍሪካ አገሮች ይህ በተደጋጋሚ በመድረሱ የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ወዲያው በብዙ ውኃ ታጥቦ ወደ ዓይን ሐኪም የተላከ ሕፃን ብርሃኑ የመትረፍ ዕድል አለው። በደሴ አቅራቢያ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣል። አዋላጇ ደንግጣ ከደበቀችው ግን የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ ከሕፃኑ ዓይን ላይ የሚቀነስ ነው።

የመድኃኒት መጠን ሌላው አደጋ ነው። ጄንታማይሲን ብዙ ጊዜ 80 ሚሊግራም በያዘ ብልቃጥ ይመጣል፤ 3 ኪሎ ለሚመዝን ጨቅላ የሚበቃው 15 ሚሊግራም ያህል ነው። ይህም ግማሽ ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ስሌቱ ላይ አንዲት ነጥብ ብትሳት መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል። የማንነት መምታታትም አለ። ወሎ ውስጥ በአንድ ክፍል ሁለት ፋጡማ ሰይድ ቢተኙ የሚገርም አይደለም፤ ጨቅላው ደግሞ ገና ስም ስላልወጣለት የሚመዘገበው በእናቱ ስም ነው። የእጅ ማሰሪያው ላይ የካርድ ቁጥር ካልተጻፈ የአንዱ መርፌ ለሌላው ይደርሳል፤ ሕፃናት ተለዋውጠው ወደማያውቁት ቤት ሊሄዱም ይችላሉ። የዘገየ ቀዶ ሕክምናም ስህተት ነው። ከወግዲና ከለጋምቦ ሪፈር ተጽፎላት ተራራና ገደል አቋርጣ ደሴ የደረሰች እናት በመንገድ ያጣችው ጊዜ በቂ ሆኖ ሳለ፣ በር ላይ እንድትጠብቅ ማድረግ ሌላ በደል ነው።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎን ባዳረሰበት ወቅት በርካታ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወድመዋል። ያጡትን ዕቃ በአንድ ቀን አልተኩም። አንድን ነርስ ብቻ ወንጅሎ ፋይሉን መዝጋት ብዙ ጊዜ እውነቱን የማያሟላው ለዚህ ነው።

መርዶውን መንገር

አገሩ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃል። መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ትልቅ ሰው ይገኛል፣ ሐዘንተኛው ተቀምጦ ይሰማል። ሆስፒታል ይህን ሥርዓት ሊዋስ ይገባዋል፤ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ስልክ እያነሱ እየዘጉ የልጅ ሞት አይነገርም። የተለመደው ሌላ ጥፋት ደግሞ ለአባት ወይም ለአጎት ነግሮ እናቲቱን መተው ነው፤ «አራስ ናት፣ ትደነግጣለች» ይባላል። እናትየው ግን ከሰዎች ፊት ታነበዋለች፤ ልጇን ሲከለክሏትም ይገባታል። እሷ የምትፈልገው ሰው ከጎኗ ተቀምጦ፣ ሐኪሙ ራሱ ቢነግራት ይሻላል።

ንግግሩ አጭርና ግልጽ መሆን አለበት፦ «ለልጅዎ የተሰጠው መድኃኒት መጠኑ በዝቶ ነበር። ስህተቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቅዎታለን። እንዴት እንደሆነ እያጣራን ነው፤ የደረስንበትን ሐሙስ ቀን መጥተን እንነግርዎታለን።» ሐሙስ ሲደርስ ማጣራቱ ባያልቅም እንኳ ቀጠሮው አይሰረዝም። «የአላህ ሥራ ነው»፣ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለው ቃል ከጎረቤት አፍ ሲወጣ ያጽናናል። ከአጥፊው አፍ ሲወጣ ግን በፈጣሪ ስም ማምለጥ ነው፤ ቤተሰቡም ይህን ወዲያው ይለየዋል።

አንድ ጥያቄ በተለይ በትክክል መመለስ አለበት፦ «አልቅሶ ነበር?» በሙስሊሙ ዘንድ ተወልዶ ያለቀሰ ሕፃን ስም ይወጣለታል፣ ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል። በኦርቶዶክስ ክርስትና ጥምቀት ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ቢሆንም፣ ሕፃኑ በጽኑ ከታመመ ቀደም ብሎ ሊጠመቅ ይችላል። ስለዚህ ጨቅላው በፅኑ ሕክምና ክፍል እየደከመ ሳለ ለቤተሰቡ በጊዜ መንገር የእምነታቸውንም ድርሻ ማክበር ነው። ያለቀሰን ሕፃን «ሞቶ የተወለደ» ብሎ መመዝገብ ደግሞ ስህተቱን ይሰውራል፣ ከቤተሰቡም ሥርዓቱን ይነጥቃል። አስከሬኑ በካርቶን ሳይሆን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መሰጠት አለበት። እናትየዋ ማቀፍ ከፈለገች ትቀፈው፤ ካልፈለገችም አትገደድ።

አራስም ሐዘንተኛም

ገንፎው ሊገነፋ የተዘጋጀበት ቤት ንፍሮ ሲቀቀልበት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ሴትየዋ አራስ ናት፤ ግን አራስ ጥየቃ የሚመጣ የለም። ሐዘንተኛ ናት፤ ግን ለጨቅላ ረዥም ለቅሶ አይቀመጡም። «ሌላ ይተካልሽ» ይሏትና ይወጣሉ። በቅንነት የሚባል ነው፤ እሷ ግን የምታለቅሰው ስለዚህኛው ነው። ስሙን ጠርቶ «እንዴት ያለ ልጅ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከምርቃት ሁሉ ይበልጥባታል ብዬ አምናለሁ።

ጡቷም ሕፃኑ መሞቱን አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ገደማ ወተቱ ይሞላል፣ ይወጠራል፣ ቀሚሷን ያርሳል። ሕመሙን ለማስታገስ ያህል ብቻ ትንሽ ማለብ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግና ደገፍ የሚያደርግ ልብስ መልበስ ይረዳታል፤ በመቀነት አጥብቆ ማሰር ግን አይመከርም። ጡቷ ቀልቶ ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ያስፈልጋታል። ብዙ ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት ወይም ከባድ ራስ ምታት ሲታይ ቤቱ በሐዘን ተውጦ እንዳይዘነጋው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልጅ እንዳለበት ቤት ሁሉ እዚያም መግባት አለባት። ልጁ የለም ተብሎ የእናቲቱ ክትትል ሲቋረጥ ሁለተኛ ሞት ሊመጣ ይችላል።

ሕፃኑ ተጎድቶ ከተረፈ ድጋፉ ዓመታት ይወስዳል። በወሊድ ጊዜ ታፍኖ አንጎሉ የተጎዳ ልጅ ለመጥባት፣ አንገቱን ለማቅናት፣ ለመቀመጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያና የማትደክም ሴት አያት ይፈልጋል። የትራንስፖርቱና የሕክምናው ወጪ በስህተቱ ባለቤት መሸፈን ሲገባው፣ ቤተሰቡ በሬውን ሲሸጥ ማየት ያሳዝናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች። መድኅኑ ጥቂት ያግዛል፤ የገቢ መጥፋትን ግን አይተካም።

ቅሬና ሕግ

ወሎ ያለው ትልቁ ሀብት ቅሬ፣ ማለትም እንደ እድር ያለው የመረዳጃ ማኅበር ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፣ ማዕድ ያዋጣል፣ ከሐዘንተኛው ጋር ያመሻል። ለጨቅላ ግን ቅሬው ብዙ ጊዜ አይጠራም፤ ቀብሩ በጥቂት ወንዶች ያልቃል። የቅሬ ዳኞች ለዚህም ሐዘን ሰው እንዲወጣ ቢያዝዙ የሚያስወጣቸው ወጪ ትንሽ ነው። ወዳጃ በሚባለው የጸሎት ስብሰባ ላይ የሚገኙ ዱበርቲዎች (የሚመርቁና ዱአ የሚያደርጉ ሴቶች) ቡና እየተፈላ የሚያደርጉት ዱአ፣ እናቲቱ አንገቷን ቀና አድርጋ የምታለቅስበት ብቸኛው ቦታ ሊሆን ይችላል።

ሽምግልና ግን የሕግን በር መዝጊያ ሊሆን አይገባም። ሆስፒታሉ ሽማግሌ ልኮ «ክስ ተዉ» ካለ እርቅ አይባልም። ቤተሰቡ የሕክምና ማስረጃውን በጽሑፍ ሊጠይቅ፣ ለጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤት ሊል፣ ወደ ፖሊስም ሊሄድ ይችላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በሙያ ግዴታ ቸልተኝነት ሰው መግደልን ያስቀጣል። የአስከሬን ምርመራ ከተፈለገ ከቀብር በፊት መወሰን አለበት፤ ያንኑ ዕለት መቅበር ለለመደ አገር ይህ ከባድ ምርጫ ስለሆነ ተረጋግቶ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ጥያቄ በመደበኛው ሁኔታ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በ1952 የወጣው ይኸው ሕግ ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠውን ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቦታል። ዛሬ ይህ ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት ነፃ የሕግ ድጋፍ ለገጠር ቤተሰብ ትልቅ እገዛ ነው።

በአዋጅ 760/2004 መሠረት ልደት በ90፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌ ይመዘገባል። ሁለት ቀን ብቻ የኖረ ሕፃንም ሁለቱም መዝገብ ይገባዋል፤ ስሙ የሚቀመጥበት ሌላ ወረቀት ላይኖር ይችላል።

ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ እናቲቱ እንደገና ታረግዝ ይሆናል። ያኔ ያንን በር ማየት ስለምትፈራ ቤቷ መውለድን ልትመርጥ ትችላለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አስቀድማ ልትጠይቃት ይገባል፦ ሌላ ጤና ተቋም ትፈልጊያለሽ? ምጥሽ ላይ እናትሽ አጠገብሽ ትሁን? በክትትል ካርዷ ላይም ከዚህ በፊት የደረሰው በቀይ እስክሪብቶ ይጻፍ፤ እያንዳንዷ ተረኛ አዋላጅ «የመጀመሪያ ልጅሽ የት አለ?» እያለች እንዳትጠይቃት።