ለልምምድ አሳታሚ ቤት ለምትመጡ ተማሪዎች፦ ስሰማው የሰለቸኝ ነገር

ደብረ ብርሃን ውስጥ የልብ ወለድና የግጥም መጻሕፍት በምታዘጋጅ ትንሽ አሳታሚ ቤት አርታዒ ነኝ። ለኢንተርንሺፕ የሚመጡ ተማሪዎች እንቀበላለን። ልጆቹ ይቀያየራሉ፣ ይዘውት የሚመጡት የተሳሳተ ሐሳብ ግን ያው ነው።

"ማሽኑ የት ነው?" ማሽን የለንም። እኛ ጽሑፉን መርጠን፣ አርመን፣ ገጹን አሰናድተን እንልካለን። የሚታተመው 130 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አዲስ አበባ ነው።

"የአማርኛ ተማሪ መሆን ያስፈልጋል።" አያስፈልግም። ለመጻሕፍት መደብሮች የሰጠነውን ቅጂ ተከታትላ፣ የተሸጠውን ገንዘብ ያስመለሰችልን የአካውንቲንግ ተማሪ ናት።

"በዚያው የግጥም መድበሌን አሳትማለሁ።" እንደማንኛውም ሰው አስገብተህ ተራህን ትጠብቃለህ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። "እርማት ማለት የፊደል ግድፈት መልቀም ነው" ይሉኛል። መልቀሙ አለ፣ አልካድኩም። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ረቂቅ ወደ ዩኒኮድ (አሁን ኮምፒውተሩም ስልኩም ወደሚያነበው የፊደል ኮድ) ሲቀየር ፊደሉ ይበላሻል፣ እሱን ታስተካክላላችሁ። "ጸሐይ" እና "ፀሐይ" ተቀላቅለው ከመጡ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ትይዛላችሁ። ይህ ግን የሥራው ደጃፍ ነው። ዋናው ሥራ አንባቢ የሚደናቀፍበትን ቦታ ማግኘትና ደራሲውን መጠየቅ ነው። መጠየቅ ነው ያልኩት፣ መሰረዝ አላልኩም!

አንድ ረቂቅ ላይ ገበሬው በሐምሌ መጀመሪያ ገብስ ያጭዳል። ከከተማ የመጣ ተለማማጅ፣ በክረምት ምን አጨዳ አለ ብሎ፣ ወሩን በቀይ ሰርዞ "ኅዳር" አደረገው። አጠገቡ የነበረችው የመንዝ ልጅ አየችና "ይሄ እኮ የበልግ ገብስ ነው" አለችው። እውነቷን ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በልጉ ከጣለ፣ ገብሱ በየካቲትና በመጋቢት ተዘርቶ በሰኔና በሐምሌ ይታጨዳል። ታሪኩ የቆመውም በዚሁ ላይ ነበር፤ ሰውየው ክረምቱ ሳይጠናበት እህሉን ለማስገባት የሚሯሯጠውን ሩጫ ነው ደራሲው የሚተርከው። "ኅዳር" ተብሎ ቢታተም ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርጉም ያጣ ነበር። ልጅቷ ያንን ያወቀችው ከክፍል ሳይሆን ከአባቷ ማሳ ነው፣ ለእኛም የጠቀመን እሱ ነው።

ስለዚህ ስትመጡ የምታውቁትን አገር ይዛችሁ ኑ። በእርሳስ ጻፉ። የገጸ ባሕርያቱን ስም፣ ዕድሜ፣ ወርና ቀኑን ደብተር ላይ አስፍሩ፣ ምዕራፍ 2 ላይ የሞተው አጎት ምዕራፍ 7 ላይ ሰርግ ሲሄድ የምትይዙት በዚህ ነው። ንግግሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የይፋት ሽማግሌ በራሱ አማርኛ ሲያወራ የአዲስ አበባ ዜና አንባቢ አታድርጉት። ስልካችሁንም ቦርሳ ውስጥ አድርጉት።

የመጨረሻው፦ "ደራሲው ከሞተ መጽሐፉ የሁሉም ነው፣ ፒዲኤፉን ብንለቀው ምን አለበት?" አለበት እንጂ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ሥራውን አባዝቶ የመሸጥ መብቱ፣ በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ ወራሾቹ ባለመብት ናቸው። በሕይወት ያለ ደራሲ ያመነን፣ ገና ያልታተመ ረቂቅማ ጭራሽ አይወጣም። "ለጓደኛዬ ብቻ ነው" ብሎ በቴሌግራም የላከ ተለማማጅ በዚያው ቀን ይሰናበታል፣ የግምገማ ፎርሙ ላይም ማኅተም አልመታለትም።