«ዋይፋያችን ፓስወርድ አለው» እና ሌሎች ስለ ድርጅት ኔትወርክ ደህንነት የተሳሳቱ አመለካከቶች

«የግል ዳታ ጥበቃ የሕግ ክፍሉ ሥራ ነው።» ሰዎች ዳታቸው እንዲያዝ የሚፈርሙበትን የፈቃድ ቅጽ የሕግ ባለሙያ ያዘጋጅ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን የሰው ዳታ የያዘ ድርጅት ቴክኒካዊ ጥበቃም እንዲያደርግ ያስገድዳል። የታካሚዎች መረጃ ያለበት ሰርቨር ከእንግዳ ዋይፋይ የሚከፈት ከሆነ ቅጹ አያድንም።

«ዋይፋያችን ፓስወርድ አለው።» ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሠላሳ ሰው አንድ ፓስወርድ ሲጋራ የመግቢያ መዝገቡ (ሎጉ) የሚያሳየው መሣሪያውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ሥራ የለቀቀውም ከግቢው ውጭ ቆሞ ይገባል። ፓስወርዱን መቀየር ደግሞ በየስልኩና በየፕሪንተሩ እንደ አዲስ ማስገባት ስለሆነ ማንም አይነካውም። መፍትሔው 802.1ኤክስ (ኔትወርክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ተጠቃሚ የሚያጣራ ስታንዳርድ) ነው፦ ማንነት የሚያረጋግጥ ራዲየስ የሚባል ሰርቨር ተክሎ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መለያ፣ ቢቻል ለየመሣሪያው ዲጂታል ሰርተፍኬት (የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ) መስጠት። ሰው ሲለቅ የእሱ ብቻ ይሰረዛል። በመለያና በፓስወርድ ከሆነ ግን ላፕቶፑና ስልኩ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት እንዲያጣሩ መደረግ አለበት። ይህ ከተዘለለ አንዱ በዚያው ስም የሐሰት ዋይፋይ ከፍቶ የሠራተኞቹን መለያ ይለቅማል።

«በማክ አድራሻ እናጣራለን።» ማክ አድራሻ፣ ማለትም የመሣሪያው የኔትወርክ መለያ ቁጥር፣ በአየር ላይ ሳይመሰጠር ስለሚያልፍ መቅዳቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የዛሬ ስልኮችም ለየዋይፋዩ የተለያየ ማክ ይፈጥራሉ። የማክ ማጣሪያው 802.1ኤክስ ለማይችል ፕሪንተርና ካሜራ ይሁን፤ እነሱም በራሳቸው ቪላን (ለብቻው በተከፈለ የኔትወርክ ክፍል) ተለይተው ከሚያስፈልጋቸው ሰርቨር በቀር ሁሉም ይዘጋባቸው።

«ቪላን ከፍለናል።» ቪላኖቹን የሚያገናኘው ራውተር ካልከለከሉት ራሱ ያስተላልፋል። በእንግዳ ዋይፋይ ገብታችሁ የደመወዝ ሰርቨሩን ለመክፈት ሞክሩ። ፒንግ (ሰርቨሩ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚፈትን ትእዛዝ) ብቻ አይበቃም፤ ፒንግ ተዘግቶ የዳታቤዙ ፖርት (የመግቢያ በር) ክፍት ሊሆን ይችላል።

«ሎግ አለን።» የት? የኔትወርክ ገመዶቹን በሚያገናኘው ስዊች ሜሞሪ ውስጥ ከሆነ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፤ ወደ ሎግ ሰርቨር መላክ አለበት። የሁሉም መሣሪያ ሰዓት ከአንድ የሰዓት ሰርቨር ጋር ካልተስተካከለም የራዲየሱንና የዲኤችሲፒውን (ለየመሣሪያው አይፒ የተባለውን የኔትወርክ አድራሻ የሚያድለውን) መዝገብ አገናኝቶ «ይህን አይፒ በዚያ ሰዓት የያዘው እገሌ ነው» ማለት አይቻልም። የዳታ ጥሰት ሲደርስ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቂያው 72 ሰዓት ነው። እግረ መንገዳችንን፦ ማን መቼ እንደገባ የሚናገረው ሎግ ራሱ የግል ዳታ ነው። ማን እንደሚያየውና በስንት ጊዜ እንደሚሰረዝ በጽሑፍ ይወሰን።