ሀዋሳ ከልጆች ጋር፦ የሚወራውና እውነታው

«ሀዋሳ ሐይቅና ሆቴል ብቻ ነው፣ ልጅ ይዞ ሄዶ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። «ሐይቁ አለላቸው፣ ሲንቦጫረቁ ይውላሉ» ብለው የሚመጡም አሉ። እኔን የሚያሳስቡኝ ሁለተኞቹ ናቸው።

«ውሃው ጨዋማ አይደለም፣ ልጆች ቢዋኙበት ምን ችግር አለው?»

ጨዋማ አለመሆኑ ልክ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ሳይኖር ጨው አለማጠራቀሙ ራሱ ይገርማል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ቢልሃርዚያ። በሽታውን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት ዳር ዳሩን፣ ሣርና ቄጠማ ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ነው። ልጆች የሚገቡትም እዚያው ነው። «አፋቸው ካልገባ ምንም አይሆኑም» ብላችሁ አትጽናኑ፤ ትሉ የሚገባው በቆዳ በኩል ነው። ዋና ያማረው ልጅ ካለ የሆቴል ገንዳ ይሻላል። ግማሽ ቀን ካላችሁ ደግሞ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ውሰዷቸው። ምንጩ ጋ ውሃው ያቃጥላልና ትንንሾቹን ከእጃችሁ አትልቀቁ።

«አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ እንጂ የልጅ ቦታ አይደለም»

ከተማው ውስጥ ለልጅ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ብቻ ማለዳ ሂዱ። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ያስጠጋሉ፣ ቆሮሶውና አምባዛው ይወርዳል፣ ወጣቶቹ ቢላቸውን ይዘው ሥራ ይጀምራሉ። የሆድ ዕቃው ወደ ጎን ሲወረወር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ይሻማሉ። ራሰ በራ ናቸው፤ ቁመታቸው አንደኛ ክፍል ከገባ ልጅ ጋር ይወዳደራል። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት ያየ ልጅ ሁሉ «ዓሣውን እዚያ ነው የሚያስቀምጡት?» ብሎ ይጠይቃል። አይደለም። ውስጡ አየር ነው፤ ነፍተው ለሌላው አባ ኮዳ ይታዩበታል። ለወላጅም ለልጅም አዲስ የሚሆን ነገር ነው።

ትልልቆቹ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ቢያዝዙ የራሳቸው ጉዳይ ነው። ጥሬ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ስለሚችል ለልጆቹ ጥብሱና ሾርባው ይበቃል።

«ጦጣዎቹ ለማዳ ናቸው፣ ሙዝ ስጧቸው»

ሰው ለምደዋል እንጂ ለማዳ አልሆኑም። ፌስታል የያዘ ልጅ ካዩ መጀመሪያ የሚመጡት እሱ ጋ ነው፤ ሲነጥቁ ይቧጭራሉ፣ ይነክሳሉም። ምግቡን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። የነከሱት ልጅ ካለ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና በደንብ አጥባችሁ ወደ ጤና ተቋም ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ በጦጣ ንክሻም ሊመጣ ይችላል። ዛፍ ላይ ያሉት ጥቁርና ነጭ ጉሬዛዎች ግን ጨዋ ናቸው፣ አንጋጦ ማየት ብቻ ነው።

«ጉማሬ ሣር በሊታ ነው፣ ሰው አይነካም»

ሣር መብላቱ እውነት ነው። ሰው አይነካም የሚለው ግን ውሸት ነው፤ ከቀረቡት ጀልባ ይገለብጣል። ባለጀልባውን «ትንሽ ጠጋ በል» እያላችሁ አትጎትጉቱት፤ ርቆ ሲቆም ሥራውን እየሠራ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋውን ተነጋገሩ፤ ለልጁ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ከሌለ ይቅርባችሁ። ጀልባም ቢሆን ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል፣ ልጆችም ያስመልሳቸዋል። አዞ እናያለን ያላችሁ ደግሞ መንገዳችሁ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ጫሞ ነው።

«ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ወባ የለም»

አለ። ከተማው ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆንም፣ በተለይ ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት ተጠንቀቁ። አልጋ ስትይዙ አጎበር መኖሩን ጠይቁ።

«ታቦር ተራራ ለልጅ ይከብዳል»

ከከተማው ሳትወጡ የምትወጡት ተራራ ነው። ፀሐይ ሳይጠነክር፣ ጫማና ውሃ ይዛችሁ። ከላይ ሐይቁም ከተማውም ይታያል።

«ፍቼ ጨምበላላ የሲዳማ ነው፣ እንግዳ ምን ያደርጋል?»

እንግዳ ሄዶ ያያል፣ ይጋበዛልም። የዘመን መለወጫ በዓሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ሀዋሳ ላይ የሚከበረው ሐይቁ አጠገብ፣ ጉዱማሌ ነው። ልጆች ደግሞ የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ከቤት ቤት እየዞሩ ጎረቤቱን እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ፣ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የተሠራ ቡሪሳሜ ይበላሉ። ቀኑን ከዋክብት አይተው የሚወስኑት አያንቱዎች ስለሆኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ሳትጠይቁ ትኬት አትቁረጡ። ቀኑ የማይለወጠው የገብርኤል ነው፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19። ያኔ ከተማው አፍ እስከ ገደፉ ይሞላልና አልጋ ቀደም ብላችሁ ያዙ።