ቆርቆሮ የገነጠለ ንፋስ ሁሉ ሃሪኬን አይደለም

ጎንደር ላይ ንፋስ የአንድ ሰው ቆርቆሮ ከገነጠለ አለቀ፤ "የአየር ንብረት ለውጡ ሃሪኬን አመጣብን" ይባላል። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና ወሬው ቡና ላይ እንኳ አይለቀኝም። ኧረ ተዉ! ሃሪኬን እየተሽከረከረ የሚጓዝ ግዙፍ አውሎ ነፋስ ነው፤ የሚወለደውም 26.5 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ በሞቀ ውቅያኖስ ላይ ነው። የብስ ሲነካ ጉልበቱ ይከዳዋል። እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ደጋ ላይ ነው። የእኛው ከነጎድጓድ ደመና ስር የሚወርድ ድንገተኛ ንፋስ ነው። የጎረቤቴን ጣራ ያስወሰደው ደግሞ ሚስማሩ ነው፤ ዳር ዳሩን አራርቀው መትተውት ንፋሱ ከስር ገባ። ክረምት ሳይገባ ጠርዙን አጠጋግታችሁ አስመቱ፤ ሞራሌውንም ከግድግዳው ጋር በሽቦ አሳስሩ።

"ጣናስ ሃሪኬን አያስነሳም?" አያስነሳም፤ ትንሽ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ "ዓለም በሞቀ ቁጥር ሃሪኬን ይበዛል" የሚለው ነው። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ይጽፉታል፣ እኔ ኤክስ አደርግበታለሁ፣ ወላጅ መጥቶ ይሟገተኛል። ሳይንቲስቶቹ የሚገምቱት በዓለም ደረጃ ቁጥሩ ባለበት እንደሚቆይ ወይም እንደሚቀንስ ነው። የሚብሰው ጉልበቱ ነው። ባለፉት 40 ዓመታት ከተነሱት ውስጥ ከአምስቱ የጉልበት ደረጃዎች ደረጃ 3ና ከዚያ በላይ የሆኑት ድርሻ ሳይጨምር አልቀረም። ዝናቡም እንደዚያው። አየር አንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ተን ይሸከማል፤ የተሸከመውን ደግሞ ያወርደዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርቪ የተባለው ሃሪኬን አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ በጥቂት ቀናት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ጣለ። ጎንደር ዓመቱን ሙሉ ይህን አታገኝም! እ.ኤ.አ. በ2023 ኦቲስ የተባለው ደግሞ ተራ አውሎ ነፋስ ሆኖ አድሮ በአንድ ቀን ውስጥ ደረጃ 5 ደረሰና የሜክሲኮዋን አካፑልኮ አፈራረሳት። ሰው ለመሸሽ እንኳ ፋታ አላገኘም። እንግዲህ አሥር ደካማ ይሻላል ወይስ አንድ እንዲህ ያለ? ቆጠራውን ተዉትና ይህን ጠይቁ።

"የባሕር ማዶ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን" የሚልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሳይክሎኖች፣ ማለትም የሕንድ ውቅያኖስ ሃሪኬኖች፣ የዓረቢያን በረሃ አረጠቡት። አሸዋው ለመለመ፣ አንበጣ ተራባ። በእኛ አቆጣጠር በ2013 መግቢያ ራያ ቆቦ ላይ የደረሰ ማሽላና ጤፍ የጨረሰው የዚያ መንጋ ዘር ነው። አትላንቲክ ላይ የሚነሱት ብርቱ ሃሪኬኖችም አብዛኞቹ ጥንስሳቸው ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ የአየር ሞገድ ነው። ያ ሞገድ ብዙ ጊዜ የሚቀሰቀሰው በዳርፉር ተራሮችና በእኛው ደጋ አካባቢ በሚፈጠር የክረምት ነጎድጓድ ነው።