«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፦ አንድ ምሳሌ፣ ሁለት የእንግሊዝኛ ጊዜያት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር፣ በጥድፊያ የተሠራ ሥራ፣ ሳይመከርበት የተገባ ጋብቻ ወይም ሳይነበብ የተፈረመ ውል በመጣበት ፍጥነት እንደሚፈርስ ለማስረዳት ይነገራል። «ሲሮጡ የታጠቁ» የሚሉም አሉ፤ ፍቺው ግን ያው ነው።

የምሳሌው መነሻ አለባበሳችን ነው። የሴቶች መቀነትም ሆነ ወንዶች ወገባቸው ላይ የሚጠመጥሙት ድግ ዘለበት ስለሌለው የሚይዘው አጠማጠሙ ብቻ ነው። አንዱ ጫፍ ወገብ ላይ ተይዞ ጨርቁ በየዙሩ እየጠበቀ ይጠመጠምና የተረፈው ጫፍ ከሥር ባለው ዙር ውስጥ ይሸጎጣል። ይህም ቆም ማለትን፣ ትንፋሽ መሰብሰብንና ሁለት እጅን ይጠይቃል። የሚሮጥ ሰው ግን ሆዱ ከትንፋሹ ጋር አንዴ ይነፋል፣ አንዴ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ አንዱ ዙር ሲጠብቅ ሌላው ይላላል፣ ጥቂት እንደተራመደም ጫፉ ሾልኮ መሬት ይጎተታል። የገበያ ገንዘቧን በመቀነቷ ጫፍ ለምትቋጥር እናት ይህ እንደ ቀልድ የሚታይ ነገር አልነበረም።

የቃሉ ፍቺ ይህን ያህል ግልጽ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁለቱ «ሲሮጡ» በመልክ አንድ ሆነው ሳለ በጊዜ መለያየታቸው ነው። የመጀመሪያው ከ«የታጠቁት» ጋር ስለተያያዘ በታጠቁበት ጊዜ የነበረውን፣ ያለፈውን ሩጫ ያመለክታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከ«ይፈታል» ጋር ስለሆነ ዛሬም ነገም ሊሆን የሚችለውን ሩጫ። «ሲሮጡ» የተሠራው የግእዝ ሰዋስው መምህራን ትንቢት ከሚሉት የግስ መልክ ሲሆን፣ ራሱ ጊዜ ሳይኖረው ጊዜውን ከዋናው ግስ ይዋሳል። በግእዝም «እንዘ ይብል» የሚለው እንዲሁ ነው፤ «ሲል» ማለት ሆኖ፣ መቼ እንዳለ የሚታወቀው ከአጠገቡ ባለው ግስ ነው።

እንግሊዝኛ ግን እንዲህ በውሰት ማለፍን አይወድም። ምሳሌውን ወደዚያ ለመውሰድ የሚሞክር ሰው የመጀመሪያውን «ሲሮጡ» በፓስት ኮንቲኒዩስ (ባለፈ ጊዜ እየተካሄደ የነበረን ድርጊት በሚያሳየው ጊዜ) «ዋይል ዩ ወር ራኒንግ»፣ ሁለተኛውን ደግሞ በፕረዘንት ኮንቲኒዩስ (አሁን እየተካሄደ ያለን በሚያሳየው) «ዋይል ዩ አር ራኒንግ» ብሎ መለየት አለበት። «ራኒንግ» የሚለው አልተለወጠም፤ ጊዜውን የተሸከሙት «ወር» እና «አር» ናቸው። ፓስት ኮንቲኒዩስ ሩጫው የት እንደተጀመረና የት እንዳበቃ አይነግረንም፤ መታጠቁ በሩጫው መካከል እንደተፈጸመ ብቻ ያሳያል።

ይህ ከምሳሌው ውጭም በየቀኑ ያጋጥማል። «ስበላ ስልክ ተደወለ» ስንል አንድ ቀን የሆነውን እየተረክን ስለሆነ በእንግሊዝኛው «አይ ዋዝ ኢቲንግ» ይላል። «ስበላ ስልክ ይደወላል» ስንል ግን ሁልጊዜ ምሳ ላይ የሚያውከንን ሰው እያማረርን ነውና «አይ አም ኢቲንግ» ይሆናል። «ስበላ» ከቦታው አልተነቃነቀም። ብዙ ተማሪዎች ሁለቱን ጊዜያት የሚያደባልቁት ደንቡን ስላልሸመደዱ ሳይሆን፣ ዓይናቸው «ስበላ» ላይ ቀርቶ ወደ ዋናው ግስ ስለማይሻገር ይመስለኛል።

በዋና ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነገሩ ይቀላል፤ «እየሮጠ ነው» ፕረዘንት፣ «እየሮጠ ነበር» ፓስት ኮንቲኒዩስ ነው፣ «ነው» እና «ነበር»ም የ«ኢዝ» እና የ«ዋዝ»ን ሥራ ይሠራሉ። ከዚህ ተነሥቶ «እየ» ማለት በ«ራኒንግ» መጨረሻ ያለው «ኢንግ» ማለት ነው ብሎ ማስተማር ግን ያሳስታል፤ ይህን የሚያጋልጠውም ራሱ የምሳሌው ግስ፣ «ታጠቀ» ነው። አንድ ሰው ጨርቁን ገና እየጠመጠመ ከሆነ «እየታጠቀ ነው» እንላለን። ጫፉን ሸጉጦ ሲጨርስ ግን «ታጥቋል» ነው የምንለው፤ «እየታጠቀ ነው» ብንል ገና አልጨረሰም ማለት ይሆንብናል። እንግሊዝኛ ይህን ጠምጥሞ የጨረሰውን ሰው እንኳ በኮንቲኒዩስ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ» ይለዋል፤ ስለ ትናንትናው ሲያወራ ደግሞ እኛ «ታጥቆ ነበር» የምንለውን «ሂ ዋዝ ዌሪንግ» ይላል። «ለብሷል»፣ «ተቀምጧል»፣ «ተኝቷል» የሚሉትም በዚሁ መንገድ የሚሄዱ ናቸው፤ «ተቀምጧል» የሚለውን «ሂ ሃዝ ሳት» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የአማርኛውን መልክ ቢከተልም፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው ለመግለጽ እንግሊዝኛው የሚፈልገው «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»ን ነው።